ጉሬዛ፣ ጦጣና ቢጫ ወባ

ዛሬ ወደ ጫካ እንገባለን። የዱር ጦጣ፣ ጉሬዛና ዝንጀሮ ተይዘው ደማቸው የሚቀዳው ለምንድን ነው? ሰውን የሚያጠቃ ቫይረስ ነክቷቸው እንደሆነ ለማወቅ የሚደረገው ይህ ምርመራ በጓሮው እንሰት ወይም ሙዝ ለተከለ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠራ ለይቼ እናገራለሁ።

ከራሳችን አገር ልጀምር። ከ1960 እስከ 1962፣ በእኛ ከ1953 እስከ 1955 ገደማ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አንድ ትኩሳት ገባ። በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች፣ ትናንት እርሻ የዋለ ጤነኛ ሰው በድንገት ራሱን ያመዋል፣ ወገቡን ይቆርጠዋል፣ ያተኩሰዋል። ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ሻል ይለዋል። ብዙው በዚያው ይድናል። አንዳንዱን ግን ትኩሳቱ ተመልሶ ይይዘዋል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ የጠቆረ ደም ያስመልሰዋል፣ ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በቦታው የሠሩት ሐኪሞች እንደገመቱት፣ 1 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ከሚኖርበት አካባቢ 100 ሺህ ሰው ታመመ፤ 30 ሺህ ሰው ሞተ።

ይህን ቁጥር በችኮላ ማለፍ አልፈልግም። መንገድ ባልነበረበት፣ ጤና ጣቢያ ለማግኘት ቀናት በሚያስኬድበት ዘመን የሞቱ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ሳይሰፍር ተቀበሩ፤ ቁጥሩም ግምት ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። መንግሥትም ሆነ ሐኪሞች የበሽታውን መምጣት ያወቁት ሰው መሞት ከጀመረ በኋላ ነበር። ቫይረሱ ግን ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ ነበረ። የት?

በሽታው ቢጫ ወባ ነው። ከለመድነው ወባ ጋር አይዛመድም፤ የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የወባ መድኃኒትም አይሠራለትም። ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው ትንኝ ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ በሽተኛውን መንከባከብ ግን ሕይወት ያተርፋል። ክትባቱ በ1937 ተገኝቷል፤ ለዚህ ሥራው ማክስ ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ወደ ውጭ የምትጓዙ ሰዎች ቢጫ ካርድ የምትጠየቁት ለዚሁ ክትባት ነው፤ አንዴ የተከተበ ዕድሜውን ሙሉ እንደሚጠበቅ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

አሁን ወደ ኡጋንዳ እንሻገር። በ1936 የሮክፌለር ፋውንዴሽን በኢንቴቤ የቢጫ ወባ ምርምር ተቋም አቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ የኡጋንዳ የቫይረስ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባላል። ተመራማሪዎቹ በ1940ዎቹ በምዕራብ ኡጋንዳ፣ ከሩዌንዞሪ ተራራ ግርጌ በሚገኘው የብዋምባ ደን አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ደም ሲመረመር ብዙዎቹ ከዚህ ቀደም በቢጫ ወባ ተይዘው ያውቃሉ። ነገር ግን በመንደሮቹ ወረርሽኝ ታይቶ አያውቅም። ሰውን ማን ነካው?

አሌክሳንደር ሃዶው የሚባል ስኮትላንዳዊና ባልደረቦቹ መልሱን ዛፍ ላይ ፈለጉት። በረጃጅም ዛፎች ላይ በተለያየ ከፍታ የእንጨት ቆጥ ሠርተው፣ ሌሊትና ቀን ሰው እያፈራረቁ አስቀመጡ። ሥራው በሰው ገላ ላይ የሚያርፉትን ትንኞች ሳይነክሱ በብልቃጥ መያዝና ሰዓቱን መመዝገብ ነበር። በዚህ አድካሚ ሥራ አንድ ነገር አገኙ። ኤዴስ አፍሪካነስ የሚባለው ትንኝ የሚነክሰው በዛፎቹ ጫፍ አካባቢ፣ በተለይ ፀሐይ እንደጠለቀች ነው። ጦጣዎች ለማደር ዛፍ ላይ የሚሰፍሩትም በዚያው ሰዓት ነው። ቫይረሱ ሰው በማያየው ከፍታ ላይ፣ ከጦጣ ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ጦጣ ሲዞር ይኖራል።

ታዲያ ወደ ሰው እንዴት ወረደ? ጅራተ ቀይ ጦጣዎች ሲነጋ ከደኑ ወጥተው የሙዝ ማሳ ይዘርፋሉ። በሙዙ ውስጥ ሌላ ትንኝ አለ፤ ኤዴስ ሲምፕሶኒ ይባላል። ይህ ትንኝ የሚራባው ኩሬ ውስጥ አይደለም። የሙዝ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ጉያ ውስጥ በምትጠራቀም ጥቂት ውኃ ውስጥ ነው። ጦጣዋ ቫይረሱ በደሟ እያለ ሙዝ ልትሰርቅ ትመጣለች፤ ትንኙ ይነክሳታል፤ ከቀናት በኋላ ያው ትንኝ ማሳውን የሚኮተኩተውን ገበሬ ይነክሳል።

እንሰት ተክላችሁ የምታውቁ አድማጮች ነገሩ ገብቷችኋል። የእንሰት ቅጠል ጉያም ልክ እንደ ሙዙ ውኃ ይይዛል። ጎደሬም እንዲሁ። በ1960ዎቹ በአገራችን ወረርሽኝ ላይ የተሰማሩት የትንኝ ባለሙያዎች በእንሰት ጓሮዎች ውስጥ ያገኙት ይህንኑ ኤዴስ ሲምፕሶኒ ነው። እንሰት ደግሞ ቤቱን ከብቦ፣ ደጃፍ ድረስ የሚተከል ነው። ይህን ስል ማንም እንሰቱን እንዲነቅል አይደለም፤ እንሰት በድርቅ ዘመን ስንቱን ያተረፈ ተክል ነው። በሽታው ከጫካ ወደ ቤት የሚሻገርበት መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ እንድታዩት ነው።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የፓስተር ተቋም ነበር። የተቋሙ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይቀጥላል፤ ሰፈሩንም ሰው እስካሁን «ፓስተር» እያለ ይጠራዋል። የተቋሙ ባለሙያዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሰውንና ትንኝን ብቻ መርምረው አልተመለሱም፤ የዱር እንስሳትንም ደም ሰብስበው መረመሩ። ጥናቶቹ በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታትመዋል። በአገራችን የዱር እንስሳት ደም ስለዚህ ቫይረስ ከተጠየቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

ለመሆኑ ጦጣ ብትታመም አናይም ወይ? ደም መቅዳት ለምን አስፈለገ? ይህ ጥያቄ የጉዳዩ ቁልፍ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

በ1927 በዛሬዋ ጋና፣ አሲቢ የሚባል የ28 ዓመት ሰው ቢጫ ወባ ያዘው። ከእሱ የተወሰደ ደም ከእስያ ለመጡ ሬሰስ ለሚባሉ ጦጣዎች ሲሰጥ ታመሙ፤ ሞቱም። አሲቢ ግን ዳነ። ቢጫ ወባ በቫይረስ እንደሚመጣ የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬ የምንከተበው ክትባትም የተሠራው ከአሲቢ ደም ከተገኘው ቫይረስ ነው። ሥራው ዋጋ አስከፍሏል። ምርመራውን ያካሄደው ቡድን አባል የነበረው አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት ሌጎስ ውስጥ በራሱ በቢጫ ወባ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ጃፓናዊው ሂዴዮ ኖጉቺ አክራ ላይ በዚሁ በሽታ አረፈ። ስማቸውን ማንሳቴ፣ ዛሬ በአንድ መርፌ የምናገኘው ጥበቃ በሰው ሕይወት የተገዛ መሆኑን እንድናውቅ ብዬ ነው።

የእስያ ጦጣዎች ሲሞቱ የአፍሪካ ጦጣዎች ግን ቫይረሱ ገብቶባቸው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታይ ሕመም አያሳዩም። ቫይረሱ የአፍሪካ ነው፤ ከጦጣዎቻችን ጋር ለረዥም ዘመን አብሮ ኖሯል። ወደ አሜሪካ አህጉር የተሻገረው በባሪያ ንግድ መርከቦች፣ ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ነው። የዚያ ጦጣዎች አይችሉትም። በብራዚል በተለይ አላዋታ የሚባሉት ጩኸታቸው ከሩቅ የሚሰማ ጦጣዎች ቫይረሱ ሲገባ በገፍ ይሞታሉ። ስለዚህ እዚያ ጫካው ዝም ካለ፣ ከዛፍ ሥር ሬሳ ከተገኘ፣ ጤና ጥበቃ ወዲያው ክትባት ይዞ ይነሳል። እኛ ዘንድ ግን ሬሳ አይገኝም። ጉሬዛው ቅጠሉን እየበላ፣ ጦጣዋ ልጇን አዝላ እየዘለለች፣ ቫይረሱ በመካከላቸው ሊያልፍ ይችላል። በአፍሪካ ደኖች ማለፉን የምናውቀው ደማቸውን ስንመረምር ነው።

ቫይረሱ ራሱ በጦጣ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ማግኘት ትልቅ ዕድል ይጠይቃል። ሰውነቷ ቫይረሱን ለማሸነፍ የሚሠራው መከላከያ፣ አንቲቦዲ የምንለው፣ ግን ለዓመታት ይቆያል። ቁስል ከዳነ በኋላ ጠባሳው እንደሚቀር ማለት ነው። መርማሪው የሚፈልገው ይህን ነው።

አንድን ጦጣ ይዞ ደም መቅዳት ቀላል ሥራ አይደለም። ምግብ በተደረገበት የሽቦ ወጥመድ ትያዛለች፣ ወይም የማደንዘዣ መርፌ ከሩቅ ይተኮስባታል። ዛፍ ላይ ላለ ጉሬዛ መርፌ መተኮስ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ደንዝዞ ከከፍታ ከወደቀ ይሞታል። ስለዚህ ከሥር መረብ ዘርግተው የሚጠብቁ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የእንስሳት ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ከብሽሽቷ ደም ሥር ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ይወስዳል፤ ክብደቷን ይመዝናል፤ ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ነቅታ ወደ መንጋዋ እስክትመለስ ይጠብቃል። ጓንትና ጭንብል ግዴታ ናቸው። በ1967 ከኡጋንዳ ወደ አውሮፓ ለላቦራቶሪ ሥራ የተላኩ ጦጣዎች ማርበርግ የተባለውን ቫይረስ ይዘው ሄደው በጀርመንና በዩጎዝላቪያ 31 ሰዎች ታመዋል፣ 7 ሞተዋል። አደጋው በሌላ አቅጣጫም አለ። በኮትዲቯር የታይ ደን ቺምፓንዚዎች ከሰው በተላለፈ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ሞተዋል። እኛ እንደ ተራ ጉንፋን የምናልፈው ሕመም ለእነሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ እንስሳውን ሳይነኩ ናሙና የማግኘት መንገዶችም አሉ። ከኩስ ብዙ ይገኛል። ለሰው የደረሰው ዋነኛው የኤች አይ ቪ ዝርያ ከደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ቺምፓንዚዎች እንደተነሳ የተረጋገጠው ከጫካ በተለቀመ ኩስ ነው፤ ጥናቱ በ2006 ወጥቷል። በኔፓልና በኡጋንዳ ደግሞ ጣፋጭ የተቀባ ገመድ አኝከው እንዲጥሉት በማድረግ ከምራቃቸው ናሙና ተወስዷል። ለቢጫ ወባ አንቲቦዲ ግን እስካሁን የደምን ያህል የሚያስተማምን የለም።

ደሙ ላቦራቶሪ ሲደርስ ሌላ ፈተና ይጠብቃል። የቢጫ ወባ ቫይረስ ዘመዶች አሉት፤ ዚካ፣ ዴንጊ፣ ዌስት ናይል። ለአንዱ የተሠራው አንቲቦዲ ለሌላው የተሠራ ሊመስል ይችላል። ፈጣኑ ምርመራ «አዎ» ቢል እንኳ የትኛው ቫይረስ እንደነበር ላይለይ ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ናሙና ወደ ከባዱ ምርመራ ይሄዳል። ከደሙ የተለየው ፈሳሽ ከሕያው ቫይረስ ጋር ይቀላቀልና ሳህን ላይ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ይፈስሳል። በደሙ ውስጥ ለዚያ ቫይረስ የተሠራ አንቲቦዲ ካለ ቫይረሱ ይታሰራል፤ ሕዋሳቱ ይተርፋሉ። ከሌለ ቫይረሱ ሕዋሳቱን እየገደለ በዓይን የሚታዩ ባዶ ነጠብጣቦች ይሠራል። ይህ በእያንዳንዱ ዘመድ ቫይረስ ይደገማል። ቀናት ይወስዳል፤ ገንዘብና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ማንም አገር ግን በመጀመሪያው «አዎ» ብቻ ተነስቶ ሕዝብ ማስደንገጥ የለበትም ባይ ነኝ።

ከዚያ ውጤቱን ማንበብ ይመጣል፤ እኔን በጣም የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው። ያረጁት ጦጣዎች አንቲቦዲ ኖሯቸው ወጣቶቹ ከሌላቸው፣ ቫይረሱ ያለፈው ወጣቶቹ ሳይወለዱ ነው። የዓመት ከመንፈቅ ግልገል አንቲቦዲ ካላት ግን ቫይረሱ በቅርቡ እዚህ ነበረ። አዲስ የተወለደች ከእናቷ ስለምትወርስ አትቆጠርም። የእንስሳው ዓይነትም ይናገራል። ጉሬዛ ከዛፍ ብዙም አይወርድም፤ በእሱ ደም ውስጥ አንቲቦዲ ከተገኘ ቫይረሱ የሚዞረው በዛፎቹ ጫፍ ነው። ዝንጀሮ ግን ሜዳውንም ማሳውንም ያዳርሳል። የጫካዋም የማሳዋም ጦጣ በአንድነት ከተገኘባቸው፣ በመካከል ያለው መንደር ክትባት ይገባዋል፤ አንድም ሰው ሳይታመም።

አንቲቦዲ የተገኘባት ጦጣ ግን አደገኛ አይደለችም። እንዲያውም ቫይረሱን አሸንፋ የጨረሰች ናት፤ ዳግም አትያዝም፤ ለትንኝም አታስተላልፍም። ቫይረሱን ለረዥም ጊዜ ይዞ የሚያቆየው ትንኙ ነው። እናቲቱ ትንኝ ቫይረሱን ወደ እንቁላሏ ልታሳልፍ ትችላለች፤ በዛፍ ስንጥቅ የተጣለው እንቁላል በጋውን ደርቆ ከርሞ ዝናብ ሲመጣ ይፈለፈላል። ጦጣ ብንገድል ትንኙ አይሞትም። የሚሞቱት መከላከያ ያላቸው እንስሳት ናቸው፤ በቦታቸው የሚተኩት ደግሞ መከላከያ የሌላቸው ግልገሎች ይሆናሉ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በብራዚል የሆነውን ስለማውቅ ነው። ከ2016 መጨረሻ እስከ 2018 በተለይ በሚናስ ዤራይስ፣ በሳኦ ፓውሎና በሪዮ ዲ ጄኔሮ ግዛቶች ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች በቢጫ ወባ ተይዘው ከ700 በላይ ሞተዋል። ሰዎች ደንግጠው ጦጣዎችን በድንጋይ፣ በዱላና በመርዝ ገደሉ። የጤና ባለሥልጣናቱ ጦጣ በሽታውን እንደማታመጣ፣ ቀድማ እንደምታስጠነቅቅ ለማስረዳት ዘመቻ ማካሄድ ነበረባቸው። ከቫይረሱም ሌላ ጉዳት መጣ። በዓለም ላይ በሪዮ ዲ ጄኔሮ ግዛት ብቻ የሚገኘው፣ ወርቃማ ጸጉር ያለው ትንሹ ታማሪን ከ3,700 ገደማ ወደ 2,500 ወረደ። ብራዚላውያን ተስፋ አልቆረጡም፤ ከ2021 ጀምሮ እነዚህን እንስሳት እየያዙ ከትበው መልሰው ይለቃሉ።

ከጦጣ ደም ያልተጠበቀ ነገርም ይገኛል። በኢንቴቤ አቅራቢያ ባለው የዚካ ደን ተመራማሪዎች ሬሰስ ጦጣዎችን በጎጆ አድርገው ዛፍ ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ቢጫ ወባ ሲመጣ እንዲታወቅ። በኤፕሪል 1947 ቁጥር 766 የተሰጣት ጦጣ አተኮሰች። በደሟ የተገኘው ቢጫ ወባ ሳይሆን ማንም የማያውቀው ቫይረስ ነበር። የደኑን ስም አወጡለት፤ በቀጣዩ ዓመት ከትንኝም አገኙት። ለአሥርት ዓመታት የሚያሳስበው ሰው አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2016፣ በብራዚል ጭንቅላታቸው ያነሰ ሕፃናት መወለዳቸው ከዚካ ጋር ተያይዞ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ሲያውጅ፣ ሐኪሞች ቫይረሱን ከዜሮ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ስሙም ዘመዶቹም የሚያስተላልፈው የትንኝ ዓይነትም በመዝገብ ነበሩ።

ወደ አገራችን ልመለስና ልጨርስ። ቢጫ ወባ ከኢትዮጵያ አልጠፋም። በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ፣ በ2020 በጉራጌ ዞን እኖርና ኤነር ወረዳ ተነስቷል። በየጊዜው ክትባት ተሰጥቷል፤ የሠሩት የጤና ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም በሦስቱም ጊዜ ደወሉን የደወለው የታመመ ሰው ነው። የጉሬዛና የጦጣ ደም በየጥቂት ዓመቱ በተመረጡ ደኖች፣ በካፋ፣ በሸካ፣ በኦሞ ዳርቻ ቢመረመር፣ ክትባቱ ከበሽታው ቀድሞ የሚደርስበት ዕድል ይሰፋል። የእንስሳት ሐኪሞች አሉን፣ ላቦራቶሪ አለን፣ ደኑን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሕዝብ አለን። ሦስቱ አንድ ላይ እንዲሠሩ በጀት መመደብ የሚገባ ይመስለኛል።

እስከዚያው እናንተ የምታደርጉት አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳርም ሆነ ወንዶ ገነት ለጦጣና ለጉሬዛ በእጃችሁ አታብሉ፤ ልትነከሱ ትችላላችሁ፣ ጉንፋንም በዚያው ይተላለፋል። ጫካ ውስጥ የሞተ ጦጣ፣ ጉሬዛ ወይም ዝንጀሮ ካያችሁ አትንኩት፣ ልጆችንና ውሾችን አርቁ፤ ቦታውን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። ያተኮሰው ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ወባ ነው ብላችሁ ቤት አታቆዩት። ጤና ጣቢያ ስትወስዱት ባለፈው ሳምንት ጫካ ገብቶ፣ ማር ቆርጦ ወይም እንሰት ሲፍቅ ውሎ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የደም ናሙናው ወደ አዲስ አበባ እንዲላክም ጠይቁ።